የፖሊስ ሬዲዮ ለሕዝብ ጆሮ ክፍት ይሁን ወይስ ይመስጠር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ከምን ተነሣ?

የአሜሪካ ፖሊስ ሬዲዮ ከጅምሩ ማንም የሚሰማው ነበር። የዲትሮይት ፖሊስ በ1928 ከማዕከል ወደ መኪና ትእዛዝ በአየር መላክ ሲጀምር መኪናው መስማት እንጂ መመለስ አይችልም ነበር። በሁለቱም አቅጣጫ መነጋገር የተቻለው በ1933 በኒው ጀርሲዋ ቤዮን ከተማ ነው። የዚያ ዘመን የፖሊስ ሥርጭት ከመካከለኛው ሞገድ ጣቢያዎች ትንሽ ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለነበር ብዙ የቤት ሬዲዮ ሳይቸገር ይይዘው ነበር። ፖሊስ ወደ ሌላ ሞገድ ሲሄድ ደግሞ ስካነር የሚባለው መቀበያ ተከተለው። ስካነር ቻናሎቹን በየተራ እያሰሰ ድምፅ ያገኘበት ላይ ይቆማል። በአሜሪካ የዜና ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ ለአሥርት ዓመታት ቀን ከሌት ሲያወራ የኖረው እሱ ነው።

ይህ ልማድ አሁን በየከተማው እየተቋረጠ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊስ በ2011፣ የዴንቨር ፖሊስ በ2019 ቻናሎቻቸውን መሰጠሩ። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቺካጎና ባልቲሞር ተከተሉ። የኒው ዮርክ ፖሊስም 390 ሚሊዮን ዶላር በተመደበለት አዲስ የሬዲዮ ሥርዓት በጁላይ 2023 ከብሩክሊን ጀምሮ መዝጋት ያዘ። ፖሊስ ምክንያቱን ሲጠየቅ የባልደረቦቹንና የተጎጂዎችን ደኅንነት ያነሣል። ጋዜጠኞችና የሰፈር አዳማጮች ደግሞ ፖሊስን ከፖሊስ ነጻ ሆኖ የሚከታተል ጆሮ ተደፈነ ይላሉ።

ሬዲዮው ዲጂታል ከሆነ ተመስጥሯል ማለት አይደለም?

አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚነሡት ስሕተቶች ሁሉ የበዛው ይኸኛው ነው። ዲጂታል ማለት ድምፁ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ይላካል ማለት ብቻ ነው። አቀያየሩ የታወቀ ስታንዳርድ ስላለው ስታንዳርዱን የሚያውቅ መሣሪያ ሁሉ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። በሰሜን አሜሪካ ሥራ ላይ ያለው ስታንዳርድ ፒ25 ይባላል፤ ዝግጅቱ የተጀመረው በ1989 ነው። ያልተመሰጠረ ፒ25 ለመስማት ውድ ስካነር እንኳ አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ 30 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ትንሽ መቀበያና ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል።

ትራንኪንግ የሚባለውም እንዲሁ ከምስጠራ ጋር ይምታታል። ትራንኪንግ ጥቂት ቻናሎችን ኮምፒውተር ለብዙ ቡድኖች እንደየፍላጎታቸው የሚያድልበት አሠራር ነው። አንድ ንግግር ከቻናል ቻናል እየዘለለ ስለሚሄድ ተራ ሬዲዮ መከተል ይሳነዋል፤ ዘመናዊ ስካነር ግን ይከተለዋል።

ምስጠራ የገባ ዕለት ምልክቱ ሌላ ነው። ስካነሩ የቡድኑን ቁጥር ያሳያል፣ ሰው እያወራ መሆኑን ያሳያል፣ አንዳንዴ የተናጋሪውን ሬዲዮ መለያ ቁጥር ሳይቀር ያሳያል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። የቆየ ስካነር ከሆነ ትርጉም የሌለው የተቆራረጠ ጩኸት ያሰማል። ማን እንዳወራ፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንዳወራ ብዙ ጊዜ ከምስጠራው ውጭ ይቀራል ማለት ነው። የምስጠራ ደጋፊዎች ይህን ሲያነሡት አይሰማም።

ምስጠራው በተግባር እንዴት ይሠራል?

ሬዲዮው ውስጥ ቁልፍ የሚባል ረጅም ቁጥር ይቀመጣል። ንግግሩ ከመውጣቱ በፊት በዚያ ቁልፍ ይመሰጠራል፤ ተመሳሳይ ቁልፍ የያዘ ሬዲዮ ይፈታዋል፣ ሌላው አይፈታውም። በአሜሪካ ተቀባይነት ያለው ስልት ኤኢኤስ የሚባለው ባለ 256 ቢት ነው (ቢት የቁልፉ ርዝመት መለኪያ ነው፤ ሲበዛ ቁልፉን መገመት ይከብዳል)፤ እሱን በግምት ለመስበር መሞከር ከንቱ ድካም ነው። አንዳንድ ቦታ ግን በነጻ ወይም በርካሽ የሚመጣ ባለ 40 ቢት ምስጠራ ይጠቀማሉ። ከባለሙያ እጅ የማያመልጥ ነው፤ ጥቅሙ ስካነር የያዘን ጎረቤት ከማራቅ አያልፍም።

ከባዱ ሥራ ስሌቱ ሳይሆን ቁልፍ ማደሉ ነው። ቴክኒሻኑ ቁልፍ መጫኛ መሣሪያውን በገመድ ከእያንዳንዱ ሬዲዮ ጋር አያይዞ ቁልፉን ይጭናል። ሺህ ሬዲዮ ካለ ሺህ ጊዜ ማለት ነው፤ ቁልፉ ሲቀየር እንደገና። ቁልፍን በአየር ማደስ የሚያስችል አሠራር አለ፣ ነገር ግን ለብቻው ይገዛል፣ የራሱንም ባለሙያ ይፈልጋል። ሬዲዮ ከጠፋ ከማዕከል ትእዛዝ ልኮ ማሰናከል ወይም የሁሉንም ቁልፍ መቀየር ግድ ይላል። ይህን በወጉ የማይሠራ መሥሪያ ቤት ምስጠራ ገዛ እንጂ ምስጢር አልገዛም።

የፖሊስ ሬዲዮ ማዳመጥ ሕጋዊ ነው?

እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ በ1986 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ግላዊነት ሕግ ለሕዝብ በቀላሉ የሚደርስ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮን መስማት ይፈቅዳል። የተመሰጠረውን ሰብሮ መስማት ግን ወንጀል ነው። ኒው ዮርክና ፍሎሪዳን የመሳሰሉ ግዛቶች ስካነርን መኪና ውስጥ መያዝ ይገድባሉ። ብዙ ግዛቶችም ወንጀል ለመሥራት ወይም ለማምለጥ የተጠቀመበትን ለብቻ ይቀጣሉ። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ለአንተ ያልተላከን የሬዲዮ መልእክት ሆን ብሎ ማዳመጥ፣ ቢመሰጠርም ባይመሰጠርም፣ ክልክል ነው። ጀርመንም እንደዚያው። ስለዚህ «የመስማት መብት» የሚለው ሙግት በአሜሪካ እንጂ በአውሮፓ ብዙ መሠረት የለውም።

ፖሊስ መዝጋት የፈለገው ለምንድን ነው?

ሦስት ምክንያት ይቀርባል፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው የፖሊሶቹ ደኅንነት ነው። በአፕሪል 2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ ተጠርጣሪዎቹ ሲታደኑ እጅግ ብዙ ሰው በኢንተርኔት የሚተላለፈውን የፖሊስ ሬዲዮ እየሰማ የሰማውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይጽፍ ነበር። የከተማዋ ፖሊስ የሚፈተሹ ቤቶችን አቅጣጫ አታሰራጩ ብሎ በትዊተር እስከ መለመን ደርሷል። በዚያው ሌሊት በጉዳዩ የሌለበት ሰው ስም ከሬዲዮ ተሰማ ተብሎ ተናፍሷል። ይህ ለተለየ ሁኔታ የተለየ ዝግ ቻናል እንደሚያስፈልግ በደንብ ያሳያል። እንዲህ ዓይነት ዝግ ቻናሎች ደግሞ ከድሮም ነበሩ፤ ልዩ ኃይሎችና የአደንዛዥ ዕፅ መርማሪዎች ሲጠቀሙባቸው ጋዜጠኞችም ብዙ አልተቃወሙም። የዕለት ተዕለቱ የማሰማሪያ ቻናል፣ ማለትም ማዕከሉ ፖሊሶችን ወደ ጥሪ ቦታ የሚልክበት፣ ይዘጋ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንዱን ምክንያት ለሌላው ማስረጃ ማድረግ አያስኬድም።

ሁለተኛው የግል መረጃ ነው፤ በእኔ ሚዛን ትልቁ ይህ ነው። አንድ ፖሊስ መኪና አስቁሞ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ያነብባል። ከማዕከሉ መልስ ይመጣል፦ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ፈቃዱ ታግዷል ወይስ አልታገደም፣ የእስር ማዘዣ አለ ወይስ የለም። ይህ ሁሉ በጠራ ድምፅ፣ ለማያውቁት አዳማጮች ሁሉ ይነበባል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ምንም ጥፋት ላይኖርበት ይችላል። የባሰው ደግሞ የቤት ውስጥ ጥቃት ጥሪ ነው፦ የሴትየዋ ስም፣ የአፓርታማዋ ቁጥር፣ አሁን የተጠለለችበት ቤት። ራሱን ለማጥፋት የዛተ ወጣት ስምና መድኃኒቱም እንዲሁ። ይህን የሰማ ሰው ጋዜጠኛ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ነው፣ አሠሪ ነው፣ አንዳንዴም ሴትየዋ የሸሸችው ሰው ራሱ ነው። ግልጽነት ግልጽነት የሚሉ ወገኖች ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ ሲያልፉ አይቻለሁ፤ አያዋጣቸውም።

የካሊፎርኒያ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2020 ያወጣው መመሪያም ከዚህ የተነሣ ነው። ከመንግሥት የመረጃ ቋት የወጣ የግል መረጃ በግልጽ ሬዲዮ እንዳይነገር ከለከለ። ብዙ ሰው ረስቶት የሚያልፈው ነገር መመሪያው ሁለት መንገድ መስጠቱ ነው፦ ወይ ቻናሉን መመስጠር፣ ወይ ደግሞ ቻናሉን ክፍት ትቶ የግል መረጃውን በሌላ መንገድ ማስተላለፍ። ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች የመጀመሪያውን ብቻ እንዳነበቡ ሁሉ ሬዲዮውን ጠቅልለው ዘጉት።

ሦስተኛው ወንጀለኞች ያዳምጣሉ የሚለው ነው፤ ለብቻው ልመልሰው።

ወንጀለኞች እውነት ስካነር ያዳምጣሉ?

አዎ፣ ስልኩ ላይ የስካነር መተግበሪያ ከፍቶ የተያዘ ሌባ ተገኝቷል። ነገር ግን ከሦስቱ ምክንያቶች ሁሉ በቁጥር ያልተደገፈው ይኸኛው ነው። ከተሞች ሲዘጉ ምሳሌ ያቀርባሉ እንጂ ምን ያህል ወንጀል በስካነር ምክንያት እንዳመለጠ የሚያሳይ ሒሳብ አያቀርቡም። በኢንተርኔት የሚተላለፈው ድምፅ ከአየሩ ጥቂት ዘግየት እንደሚልም አይዘነጋ።

ጋዜጠኞቹስ ምን አጡ? ፖሊስ መግለጫ ይሰጥ የለም?

ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ፖሊስ መስጠት የፈለገውን፣ በፈለገው ሰዓት ነው። የሬዲዮው ጥቅም ማንም ሳያስተካክለው መምጣቱ ነበር። ተኩስ ተሰማ የሚለው ጥሪ ሲወጣ ካሜራ የያዘ ሰው ከፖሊስ ቃል አቀባይ በፊት ቦታው ይደርሳል። የዓይን ምስክሮች ሳይበተኑ፣ አስፋልቱ ሳይታጠብ ማለት ነው። በኋላ የሚወጣው መግለጫ ካሜራው ካየው ጋር ቢለያይ ልዩነቱ ይታያል። ሬዲዮው ከተዘጋ ግን አንድ ነገር መድረሱን ራሱ የምናውቀው ፖሊስ ከነገረን ነው፤ ያልተነገረንን ደግሞ አንጠይቅም። በመረጃ ነጻነት ሕግ ቅጂ ይጠየቅ የሚለው መልስም ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለዕለት ዜና አይሆንም፤ ጥያቄው ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል።

ከጋዜጠኛ ውጭ ያለውም ሰው አይረሳ። ጎዳና ተዘግቶ ሄሊኮፕተር ሲያንዣብብ በሬን ልቆልፍ ወይስ ልውጣ ብሎ የሚያዳምጥ ነዋሪ አለ። የሰደድ እሳት በሚበዛበት አካባቢ ሰዎች እሳቱ የት ደረሰ የሚለውን ከማንም በፊት የሚሰሙት ከእሳት አደጋ ሬዲዮ ነው። ኦፊሴላዊው የመውጫ ማስጠንቀቂያ አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣልና፣ ይህን ልማድ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው ብሎ ማጣጣል ልክ አይደለም።

ዘግይቶ ማሰራጨት አያስታርቅም?

ቺካጎ በ30 ደቂቃ፣ ባልቲሞር በ15 ደቂቃ እያዘገዩ ለሕዝብ ያሰራጫሉ። ከመዝጋት ይሻላል፤ ቢያንስ ቅጂው ይኖራል፣ የፖሊስን ትረካ ከሬዲዮው ጋር ማመሳከር ይቻላል። ነገር ግን 30 ደቂቃ ለዜና ሰው ረጅም ነው። ተኩሱ አልቋል፣ አምቡላንሱ ሄዷል፣ ቢጫው ሪባን ተነሥቷል። ሌላም ነገር አለ፦ ማዘግየቱ በፖሊስ እጅ ከሆነ ሥርጭቱን ማቋረጥም በፖሊስ እጅ ነው።

ለጋዜጠኞች ብቻ የተመሰጠረ ሬዲዮ ማከራየት ወይም መስጠት ሌላው መንገድ ነው። ኮሎራዶ በ2021 ባወጣችው ሕግ የማሰማሪያ ሬዲዮውን በሙሉ የሚመሰጥር የፖሊስ መሥሪያ ቤት ለመገናኛ ብዙኃን መዳረሻ የሚሆን ፖሊሲ እንዲያወጣ አስገድዳለች። ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ ጋዜጠኛ ማን ነው የሚል ነው። ትልቁ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሬዲዮ ያገኛል፤ በየሰፈሩ ብቻውን የሚዘግበው ሰውዬ ይቀራል። በዚያ ላይ ሬዲዮውን የሚሰጠው ያው የሚዘገብበት አካል ነው፤ ውሉን ያልወደደ ዕለት ይነጥቃል።

ከዘጋ በኋላ መልሶ የከፈተ ከተማ አለ?

አለ። የካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ በጃንዋሪ 2021 ሙሉ በሙሉ መሰጠረች፤ የነዋሪው ጉትጎታ ቀጠለ፤ አዲስ የፖሊስ አዛዥ መጣ፤ በሴፕቴምበር 2022 ቻናሉ ተከፈተ። የግል መረጃው በመኪና ኮምፒውተር፣ በስልክ ወይም ተቆራርጦ እንዲያልፍ ተደረገ። የግዛቲቱ የአውራ ጎዳና ፖሊስም ከዚያ በፊት ይህንኑ መንገድ መርጦ ሬዲዮውን ክፍት ትቶ ነበር። እሱ ያህል ሰፊ ግዛት የሚሸፍን ፖሊስ ከቻለ ትንሽ ከተማ አልችልም ስትል ለማመን ይከብዳል።

አካሄዱን ለመላው ካሊፎርኒያ ሕግ ለማድረግ የፓሎ አልቶ አካባቢ ተወካይ ሴናተር ጆሽ ቤከር በ2022 ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ አላለፈም። የፖሊስ ማኅበራት ተቃውመውታል።

የእሳት አደጋና አምቡላንስ ሬዲዮስ መመስጠር አለበት?

የአምቡላንስ የሕክምና መረጃ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ለዚያ ስልክና ታብሌት አለ። የእሳት ቦታው ቻናል ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ትልቁ አደጋ ሰው መስማቱ ሳይሆን ባልደረባ አለመስማቱ ነው። ጭስ ውስጥ ያለ እሳት አጥፊ ጣሪያው ሊወድቅ ነው የሚለውን ማስጠንቀቂያ ከጎረቤት ከተማ የመጣው ቡድንም ሊሰማለት ይገባል። ከጎረቤት ከተማ የመጣው ቡድን ቁልፉ ከሌለው ወይም ያረጀ ቁልፍ ይዞ ከመጣ አንድ ቻናል ላይ ሆኖ ደንቆሮ ነው።

በሴፕቴምበር 11፣ 2001 በኒው ዮርክ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። የሬዲዮ አለመደማመጥ ከዚያ ቀን ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ምስጠራ ግን የዚያ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ገንዘብ የተገነባው የመደማመጥ ሥርዓት በቁልፍ አያያዝ ጉድለት እንዳይፈርስ የሚሰጉት ራሳቸው የእሳት አደጋ አዛዦች ናቸው። በጃንዋሪ 2015 በዋሽንግተን ላንፋን ፕላዛ የምድር ባቡር ጣቢያ ዋሻው በጭስ ተሞልቶ አንዲት ተሳፋሪ ስትሞት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሬዲዮ ዋሻው ውስጥ በደንብ አልሠራም። ምስጠራው ችግሩን አባብሷል አላባባሰም በሚል በከተማዋና በባቡር ባለሥልጣኑ መካከል ክርክር ተነሣ፤ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱም ከዚያ በኋላ ምስጠራውን አነሣ።

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብም ይህንን ያውቃል። በ700 ሜጋኸርዝ ባንድ ላይ ያሉት ሁለት አገር አቀፍ የጋራ መጥሪያ ቻናሎች መመስጠር ክልክል ነው፤ ከሌላ ግዛት የመጣ ማንኛውም ቡድን ገብቶ እዚህ ነኝ እንዲል።

አውሮፓ ከዘጋ ቆይቶ የለም? እዚያ ምን ጎደለ?

እውነት ነው። ብሪታንያ ኤርዌቭ በተባለው የቴትራ (የአውሮፓ ዲጂታል ሬዲዮ ስታንዳርድ) ኔትወርክ፣ ኔዘርላንድስ፣ ጀርመንና ስካንዲኔቪያም በየራሳቸው የዘጉት ቀድመው ነው። ሰማይ አልወደቀም። ግን የጎደለውን የተኩበትን ማየት ያስፈልጋል። የኖርዌይ ፖሊስ አዲሱ የተመሰጠረ ኔትወርክ በ2015 በመላ አገሪቱ ሲጠናቀቅ የዜና ክፍሎቹ ጆሮ ተዘጋ። በምትኩ የየአካባቢው የፖሊስ ማዕከል የእያንዳንዱን ክስተት አጭር ማስታወቂያ በትዊተር ሰዓቱን ጠብቆ ያወጣ ጀመር፤ በ2023 ደግሞ ወደ ራሱ ድረ ገጽ አዛወረው። የስዊድን ፖሊስም የክስተቶች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። መራጩ አሁንም ፖሊስ ነው፤ ቢሆንም የሕዝቡ የማወቅ ፍላጎት እንደ ግዴታ ተቆጥሯል። የአሜሪካ ከተሞች ምስጠራውን ከአውሮፓ ሲቀዱ ይህን ክፍል ጥለውት ነው የመጡት።

ኔዘርላንድስ ደግሞ ለየት ትላለች። የድምፅ ሬዲዮው ዝግ ነው፤ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች የሚላከው የፔጀር (አጭር መልእክት የሚቀበል የኪስ መሣሪያ) ጥሪ ግን ክፍት ስለሆነ የትኛው መኪና ወደ የትኛው መንገድ እንደተጠራ ድረ ገጾች ላይ ወዲያውኑ ይነበባል።

የተመሰጠረ ሬዲዮ አይሰበርም?

ጥሩው ስሌት አይሰበርም፤ ሰውና አሠራር ግን ይሰበራሉ። በማት ብሌዝ የሚመራ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪዎች ቡድን በ2011 ያወጣው ሥራ በዚህ ረገድ የሚያስደነግጥም የሚያስቅም ነው። ምስጠራ የተገጠመላቸውን የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች ሬዲዮ በተለያዩ ከተሞች አዳመጡ። በአንድ ከተማ በቀን በአማካይ ከ20 ደቂቃ በላይ ስሱ ንግግር ሳይመሰጠር ሲያልፍ አገኙ። ተናጋሪዎቹ ግን የተመሰጠረ መስሏቸው ነው የሚያወሩት።

ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። የሬዲዮው አናት ላይ ያለ ማዞሪያ ሁለት ምልክት አለው፦ ባዶ ክብና መስመር የተሰነጠቀበት ክብ። የትኛው ግልጽ፣ የትኛው ሚስጥር እንደሆነ በጨለማ መኪና ውስጥ ለማወቅ ቀላል አይደለም። በስሕተት ግልጽ ላይ የተወው ሰው ያለ ችግር ይሰማል፣ ይሰማለታል፤ ሌሎቹም በምስጢር ይመልሱለታል፣ ማንም ልብ አይልም። ሌላው ምክንያት ቁልፍ ነው። ከቡድኑ የአንዱ ቁልፍ ሳይታደስ ቀርቶ መስማት ሲያቅተው «በቃ ሁላችንም ወደ ግልጽ እንዙር» ይባላል፣ ሥራው በዚያው ይቀጥላል። ቁልፍ ቶሎ ቶሎ መቀየር ደኅንነት ይጨምራል የተባለው ነገር ሰውን ወደ ግልጽ ንግግር ገፋው።

የአውሮፓው ቴትራ ታሪክ የስሌት ድክመትም ጨምሮበታል። ሚድናይት ብሉ የተባለው የኔዘርላንድስ ድርጅት ባለሙያዎች በ2023 እንዳሳዩት ከቴትራ ምስጠራዎች አንዱ ቲኢኤ1 ባለ 80 ቢት ቁልፍ አለው ቢባልም ውስጡ ወደ 32 ቢት ያሳንሰዋል። በተራ ላፕቶፕ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሰበራል። ስሌቱ ለአሥርት ዓመታት በምስጢር ስለተያዘ ገዢዎቹ ሊመረምሩት አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ የስታንዳርዱ ባለቤት ስሌቶቹን ለሕዝብ ለማውጣት ወስኗል። የአውሮፓ ፖሊሶች የሚጠቀሙት በአብዛኛው ሌላኛውን፣ ቲኢኤ2ን መሆኑ መነገር አለበት፤ ደካማው ስሌት የተሸጠው ከአውሮፓ ውጭ ላሉ ደንበኞችና ለግል ድርጅቶች ነው።

ምስጠራ ሬዲዮ የሚያውክን ሰው ያስቆማል?

መስማትን ይከለክላል፤ ማፈንን፣ ማለትም በሌላ ምልክት ንግግሩ እንዳያልፍ ማድረግን፣ አይከለክልም። እነዚያው የፔንሲልቬንያ ተመራማሪዎች 30 ዶላር ገደማ የሚሸጥ የልጆች መልእክት መለዋወጫ መጫወቻ ቀይረው የፒ25 ንግግርን ማፈን እንደሚቻል አሳይተዋል። በ2020 ተቃውሞዎች ወቅት በቺካጎ ፖሊስ ቻናሎች ላይ ሙዚቃ ሲለቀቅ ፖሊስ ይህን ለምስጠራ ምክንያት አድርጎ አቅርቦታል። ምስጠራ ሙዚቃው እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ሞገዱ ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን ከሞገዱ አያባርርም።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ላኪው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። በኦገስት 2023 በፖላንድ ማንም ሊያሰማው በሚችል የሬዲዮ ድምፅ ምልክት 20 ገደማ ባቡሮች ባሉበት ቆመዋል። ችግሩ ሰው መስማቱ ሳይሆን ባቡሩ ያዘዘውን አካል አለመጠየቁ ነበር።

ወጪውስ?

የደንበኛው ብዛትና የሻጩ ውል ይለያየዋል። የፖሊስ ሬዲዮ አንዱ ብቻ በሺህ ዶላሮች ይሸጣል፣ ምስጠራ ላዩ ላይ በየሬዲዮው በመቶዎች ዶላር ይጨምራል። ሌላ ግዥ እየተፈጸመ ከሆነ ጭማሪው ጎልቶ አይታይም፤ የምክር ቤት አባላት ሳይጠይቁ የሚያጸድቁትም ለዚህ ነው።

ከተማዬ ልትመሰጥር ነው። በሕዝብ ስብሰባ ላይ ምን ልጠይቅ?

መመስጠር አለበት የለበትም ከሚለው ይልቅ የትኛው ቻናል የሚለውን ያስቀድሙ። የልዩ ኃይልና የምርመራ ቻናል ይዘጋ ቢባል ማንም አይከራከርም፤ የማሰማሪያው ቻናል ግን ለምን? የግል መረጃ ነው ከተባለ የመኪና ኮምፒውተሮቹ ለምን አልበቁም? የጎረቤት ከተማ እሳት አደጋ ቁልፉን በማን በኩል ያገኛል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይስ ማን ይጭንለታል? ቅጂው ስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ማንስ ነው የሚያወጣው? ዘግይቶ የሚሰራጭ ከሆነ ማቋረጥ የሚችለው ማን ነው፣ ሲያቋርጥስ ይመዘገባል? መልሱ «በኋላ በፖሊሲ እንወስናለን» ከሆነ ፖሊሲው ሳይጻፍ ገንዘቡ እንዳይጸድቅ መጠየቅ ይቻላል። ሬዲዮው አንዴ ከተገጠመ በኋላ ማስከፈት ከባድ ነው፤ ፓሎ አልቶ እንኳ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፈጅቶባታል።

ፖሊስ ከተዘጋ ስካነሬን ልሽጠው?

ሳይመረምሩ አይሽጡ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ፖሊስ ቢዘጋም እሳት አደጋው ክፍት ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ንግግር በመላው ዓለም ግልጽ ነው፤ የባቡር፣ የመርከብ፣ የአየር ትንበያና የአማተር ሬዲዮ ቻናሎችም አሉ። ሊገዙ ካሰቡ ግን መጀመሪያ የአካባቢዎ ሥርዓት ምን እንደሆነ ይወቁ። የተመሰጠረ ንግግር ይፈታል ተብሎ የሚሸጥ ስካነር የለም፤ አለኝ የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ እያታለለዎ ነው።